መግቢያው የማያልቅ ዘፈን

ላቀው የሚባል ሰው የገጠመው ችግር ይህ ነበር፤ የተራበ ሰው ቀስ ብሎ እንዲበላ እንዴት ይደረጋል?

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቀላል ስላልሆነ ግን ከሥሩ ጀምረን እንየው። ለወራት እህል ያላየ ሰውነት እንደ ደረቀ መሬት ነው። ደረቅ መሬት ላይ ድንገት ኃይለኛ ዝናብ ቢወርድበት መሬቱ አይጠጣውም፤ ጎርፍ ሆኖ ይጠርገዋል። በረሃብ የከሳ ሰውም በአንድ ጊዜ እስኪጠግብ ከበላ፣ ልቡ ሸክሙን አልችል ብሎ ሊቆም ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ያፈናቀለው ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ስደተኛ ሰፈር ሲደርስ፣ ማገገሚያው ዳስ ውስጥ የሚሰጠው አጥሚት በትንሽ ኩባያ፣ ጉንጭ በጉንጭ፣ እያረፉ የሚጠጣ መሆን ነበረበት። ነርሷ ሂያም፣ ገዳሪፍ ከከተሙ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች የተወለደች ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ በዳሱ መካከል እየተመላለሰች የምትለው አንድ ነገር ነበር።

«ሹወያ ሹወያ! ጥቂት በጥቂት! ሆዳችሁ ገና አልነቃም!»

ሰው ይሰማታል፤ ራሱንም በእሺታ ይነቀንቃል። ኩባያው እጁ ሲገባ ግን አንዴ አንጋጦ ይጨልጠውና ዓይኑን የጎረቤቱ ኩባያ ላይ ያሳርፋል። ማን ይፈርድበታል?

ላቀው የዚህ ዳስ አጥሚት ቀጂ ነበር። ጭልጋ ተወልዶ፣ ከድርቁ በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን፣ ወደ መፋዛ እርሻ የወረደ፣ «ለአንድ መኸር ነው» ብሎ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው። በእርሻው የታወቀው በማጭዱ ሳይሆን በጉሮሮው ነበር። የአጨዳ ዘፈን አውራጅ ነው፤ እሱ ያወርዳል፣ አጫጆቹ ይቀበላሉ፣ ማጭዱ ደግሞ ዘፈኑን ተከትሎ ይሄዳል። ባለእርሻው ሰሊጡ ሊረግፍ ነው ብሎ ሲሰጋ አጫጆቹን አይቆጣም፤ ላቀውን ጠርቶ «አፍጥነው» ይለዋል። ላቀው ዘፈኑን ሲያፈጥን መስመሩ በሙሉ አብሮት ይፈጥናል።

ከዚህ ልምዱ ተነሥቶ ላቀው እንዲህ ብሎ አሰበ፤ ዘፈን እጅን ማፍጠን ከቻለ ማዘግየትም ይችላል። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። እንዲያውም ግሩም ሐሳብ ነው! የቀረው ትክክለኛውን ዘፈን ማግኘት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሞከረው የራሱን የአጨዳ ዘፈን አርዝሞ ነው። ነገር ግን የአጨዳ ዘፈንን ጆሮ ሳይሰማው በፊት ክንድ ያውቀዋል። ሰዉ ኩባያውን እንደ ነዶ አነሣ፣ ደፋ፣ ጨረሰ፤ ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎችም «እሆ!» ብለው ተቀበሉት። ቀጥሎ የለቅሶ ዜማ ሞከረ። ይኸኛው ከሚገባው በላይ ሠራ። ዳሱ በሙሉ አለቀሰ፤ አጥሚቱን የነካ አልነበረም፤ ሂያም እየሮጠች መጥታ ማን እንደ ሞተ ጠየቀች። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አነሣ፤ ረጋ ያለ፣ ረጅም። ክርስቲያኖቹ ኩባያቸውን መሬት አስቀምጠው ተነሥተው ቆሙ። ሙስሊሞቹ ይህን ፋታ አግኝተው ድርሻቸውን ባንድ ትንፋሽ ጨረሱ። አንድ ሽማግሌ ግን ከልባቸው ተጨንቀው፣

«ልጄ፣ ጾም ገባ እንዴ? እኔ እኮ ቀምሻለሁ» አሉት።

ከዚህ ሁሉ ላቀው አንድ ነገር ተማረ። የሚያውቃቸው ዘፈኖች በሙሉ ባለቤት አላቸው። አንዱ የክንድ ነው፣ አንዱ የእንባ ነው፣ አንዱ የእግር ነው። እሱ የሚፈልገው ግን ማንም የሰውነት ክፍል ከዚህ በፊት የማያውቀውን ዘፈን ነበር። እንዲህ ያለ ዘፈን ደግሞ ከየት ይመጣል?

የመጣው ከዶካ ከተማ ነው። ላቀው ለዳሱ ሳሙናና ጨው ሊያመጣ በሎሪ ሄዶ ሳለ ከማሉ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ገባ። ከማሉ የወሎ ሰው ነው፤ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ሳሙናና ካሴት ይሸጣል። ገበያ ሲቀዘቅዝ በዐረብኛ የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍት ያነባል። ከሁሉም የሚወደው ወደ ከዋክብት ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርኩትን፣ ሱዳኖች ኸያል ዒልሚ፣ እኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምንላቸውን ነው። የዚያን ዕለት በሱቁ በረንዳ አደም የሚባል የገላባት ሎሪ ነጂ ተቀምጦ ነበር። አደም የድንበር ልጅ ስለሆነ አማርኛውም ዐረብኛውም እኩል ይቀናዋል። ሻዩን እንደ ነዳጅ አንዴ ቀድቶ የሚሄድ፣ ሞተር ሳያጠፋ የሚጠጣ ሰው ነው።

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትቶልኝ ሄደ» አለ ከማሉ። «የሚገዛኝ አጣሁ። የገዙትም መለሱልኝ።»

«ምን ሆነ ብለው?»

«ዘፋኝ የለበትም ይላሉ። እስኪ አንተ ስማው።»

የካሴቱ ሽፋን ላይ ሁለት ጨረቃ ያለው ሰማይ ተሥሏል። ከሥሩ አንድ ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ የመስታወት ማሰሮ የመሰለ ነገር ደፍቶ ቆሟል። ከማሉ ቴፑን ተጫነው። የመጣው ድምፅ ትልቅ ደወል ከተመታ በኋላ በአየር ላይ የሚቀረውን እንጉርጉሮ ይመስላል፤ ልዩነቱ ደወሉን የመታው የለም፣ እንጉርጉሮውም አይሞትም። አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ከሥሩ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከበሮ የለም። ጭብጨባ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የሱዳን ዘፈን መግቢያው ረጅም ነው፤ ቫዮሊኑና አኮርዲዮኑ መንገዱን ሲጠርጉ ቆይተው ዘፋኙ እንደ ክቡር እንግዳ መጨረሻ ላይ ይገባል። የጎንደር አዝማሪም ማሲንቆውን በደንብ ሳያሞቅ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ በዚያ በረንዳ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ መግቢያውን እየሰማ ዘፋኙን መጠበቅ ጀመረ።

«መግቢያው ጥሩ ነው» አለ አደም።

ትንሽ ቆይቶ፣ «ወላሂ ጥሩ ነው። ግን ረዘመ» አለ።

የካሴቱ አንድ ገጽ ሊያልቅ ሲል ደግሞ፣ «ሰውዬው ታሟል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዝም በል አንተዬ፣ ሊገባ ነው» አለው ላቀው።

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ዘፋኝ አልገባም። ላቀው ግን ቴፑን አልነበረም የሚያየው፤ የአደምን እጅ ነው። አደም ብርጭቆውን ግማሽ መንገድ ላይ፣ በደረቱና በአፉ መካከል ይዞ ቀርቷል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ውጭ የሎሪው ሞተር ከነጭራሹ ጠፍቷል፤ መቼ እንደ ጠፋ ራሱ አደምም አያውቅም።

«ከማሉ» አለ ላቀው፣ «ይህ ምንድን ነው?»

ከማሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ከመደርደሪያው ሥር አንድ የተገነጠለ መጽሐፍ አውጥቶ አስረዳው። ታሪኩ ወደ ሌላ ኮከብ ስለምትሄድ መርከብ ነው። መንገዱ እጅግ ከመራቁ የተነሣ የተሳፈሩት ሰዎች አይደርሱም፤ የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ስንቃቸው እንክብል ነው፤ እሱም በጥቂቱ ይታደላል። በመርከቧ ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ ደግሞ ምት የለውም።

«ለምን የለውም?» አለ ላቀው።

«ምት ከየት ይመጣል?»

«ከእግር።»

«እግር የሚረግጠው ምንድን ነው?»

«መሬት።»

«እዚያ መሬት አለ?»

እኔ ይህን የከማሉን ማስረጃ በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ትክክል ነውና። የምጨምርበት አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ይሞታል፤ ዋሽንት በነፊው ትንፋሽ ልክ ያበቃል። ካሴቱ ላይ የሚሰማው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኦርጋን ግን ኤሌክትሪኩ እስካለ ድረስ አንዱን ድምፅ ይዞ መቆየት ይችላል፤ የሚደክም እጅ የለው፣ የሚያልቅ ትንፋሽ የለው። የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰማይ የረዘመ ድምፅ አገኘ ማለት ነው! በከዋክብት መካከል ያለውን ርቀት በታሪክ ሊያሳዩ የሚፈልጉና ይህን ድምፅ የሚሠሩ ሰዎች ቢገናኙ አይገርምም። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። በጣም ሩቅ የሆነን ነገር እንዴት ይጠብቁታል?

ላቀው ሳሙናውንና ጨዉን ረስቶ በካሴቱ ተመለሰ። ሂያም የራሷ ትንሽ ቴፕ ነበራት።

«ያ ላቀው፣ ኢንታ መጅኑን?» አለችው፤ አብደሃል ወይ ማለቷ ነው። «በአጥሚት ላይ ሙዚቃ?»

«እርስዎ ሹወያ ሹወያ ይላሉ፤ ይህም የሚለው እሱኑ ነው።»

ሂያም ለጥቂት ጊዜ አዳመጠች፤ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ቴፑን ሰጠችው። በማግሥቱ አጥሚት ሲታደል ድምፁ ተለቀቀ። ሰዉ አንድ ጉንጭ ጠጣና ቀና አለ። ቆየ። ሌላ ጉንጭ ጠጣ። ኩባያው ሳያልቅ የካሴቱ ገጽ አለቀ። ሂያም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

በርግጥ እንከን አልጠፋም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፤ ቴፑ ሲጎተት ሙዚቃው ያዘግማል፤ ሙዚቃው ሲያዘግም ዳሱም አብሮ ያዘግማል። አንድ ቀን የጠዋቱ አጥሚት ሳያልቅ የቀትሩ ደረሰ፤ ሂያም አዲስ ድንጋይ ይዛ እየሮጠች መጥታ ዳሱን ከእንቅልፉ እንደ መቀስቀስ አድርጋ አዳነችው። ላቀውን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነበር። ነገሩ ለምን እንደሚሠራ በትክክል አያውቅም። ለምን እንደሚሠራ የማያውቁት ነገር ደግሞ መቼ እንደሚከዳ አይታወቅም።

በዚህ መካከል ታላቅ እህቱ ወለተ ማርያም መጣች። በመጀመሪያ አላወቃትም። ያወቃት ስትቆጣ ነው፤ ከሰልፉ ላይ የሚገፋትን ጎረምሳ «ሂድ ወዲያ፣ የእናትህን ጡት ያልጨረስህ!» ስትለው። ወለተ ማርያም በጭልጋ የታወቀች ሠራተኛ ናት፤ «ቶሎ የማይበላ ቶሎ አይሠራም» የሚል ሕግ አላት፤ ላቀውን ያሳደገችውም በዚሁ ሕግ ነው። አብሯት የወጣው የአጎታቸው ልጅ አንዳርጌ አልደረሰም።

«ድንበሩ ላይ አንድ ደግ ሰው ትሪ ሙሉ ገንፎ ሰጠው» አለች። «ጨረሰው። ሳይነሣ ቀረ።»

«እግዜር ነፍሱን ይማር፤ አየሽ እታለም፣ ቶሎ መብላት...»

«ጠግቦ ነው የሞተ» አለች አቋርጣው። «እኔም ከጠገብሁ በኋላ ብሞት ግዴለኝም። ኩባያውን አምጣ።»

ሂያም ቀድማ አይታታለች፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ይህቺ ኻልቲ አንዴ ከጨለጠች አትተርፍም» ብላዋለች፤ ኻልቲ ስትል አክስቴ ማለቷ ነው። ከቤተሰቡ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷን እምቢ ማለት ደግሞ በዕድሜው ተሳክቶለት አያውቅም። ኩባያውን በአንድ እጁ ሰጣት፤ በሌላው ቴፑን ተጫነ።

ኩባያው ከንፈሯ ላይ ቆመ።

«አዝማሪ አለ?» አለች።

«አ... አዎ። መግቢያው ነው።»

ወለተ ማርያም ኩባያውን አወረደች። ሻሿን አስተካከለች። ቀና ብላ ተቀመጠችና በከንፈሯ ጫፍ አንዲት ጉንጭ ሳበች፤ ቶሎ ዋጠች፤ አፏን ጠረገች፤ ጠበቀች። ከዚያ ሌላ ጉንጭ፤ ዋጠች፤ ጠረገች፤ ጠበቀች። ላቀው ዓይኑን ማመን አቃተው።

«እታለም፣ ምነው እንዲህ ቀስ አልሽ?»

«ሞኝ ነህ? አፌ ሞልቶ እያለ ይግባብኝ?» አለች በሹክሹክታ። «የአጎትህን ልጅ ሠርግ ረሳኸው?»

ላቀው ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ነገሩ ሁሉም ባንዴ ገባው። እኛ አገር አዝማሪ ሠርግ ዳስ ሲገባ ዓይኑ የሚፈልገው ጉንጩ የሞላውን ሰው ነው። አፉ የሞላ ሰው መልስ አይሰጥም፤ መልስ የማይሰጥ ሰው ደግሞ ለአዝማሪ ሲሳይ ነው። ስለዚህ ማሲንቆው መሞቅ ሲጀምር ክብሩን የሚወድ ሰው ጉርሻውን ያሳንሳል። ወለተ ማርያም በዚያ ሠርግ ላይ ሳትጠነቀቅ ቀርታ፣ አዝማሪው ፊቷ ቆሞ እንዲህ ብሏት ነበር፤

«እመቤት ወለቴ፣ ስምሽን ብጠራ፣
እሺ ባይ አጣሁኝ፣ ጉንጭሽ ሆኖ ጋራ።»

ይህን ግጥም የጭልጋ ልጆች ለዓመታት ከብት ሲነዱ ዘፍነውታል። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ እያንዳንዱ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ዘፋኝ ያውቃል። ለሳምንታት አጥሚቱን ጉንጭ በጉንጭ የጠጣው ሙዚቃው ስላረጋጋው ብቻ አልነበረም። ዘፋኙ ድንገት ገብቶ እንዳይሰድበው ነበር!

ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። በወለተ ማርያም እጅ ገና ግማሽ ኩባያ አለ።

«ዘፋኙስ?» አለች።

ዳሱ በሙሉ ወደ ላቀው ዞረ። ሁሉም ይህን ጥያቄ አምቆ የኖረ ነበር፤ ደፍሮ የጠየቀው ግን አልነበረም። ላቀው «ዘፋኝ የለም» ቢል ግማሹ ኩባያ ባንዴ እንደሚጨለጥ፣ ከዚያም ተከታዩ፣ ከዚያም እህቱ እንደማትኖር ታየው። አፉን ሲከፍት የወጣው የከማሉ መጽሐፍ ነው።

«የሚመጣው ከሩቅ ነው።»

«ከየት? ከካርቱም?»

«ከዚያም ይርቃል። ከከዋክብት ባሻገር።»

«በምን ይመጣል? በሎሪ?»

«በመርከብ።»

«እዚያ ባሕር አለ?»

«የለም እታለም። በባዶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ነው መግቢያው የረዘመው። መሬት የሚረግጥ እግር ስለሌለ ምት የለውም።»

ወለተ ማርያም አሰበች። አንድ ሽማግሌ «መግቢያው ይህን ያህል ከሆነ ዘፈኑ ጉድ ነው» አሉ።

«ስንቁስ?» አለች በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ መንገድ ምን እየበላ ይመጣል?»

«እንክብል። በቀን አንዲት።»

«አንዲት!» ወለተ ማርያም ደረቷን መታች። «ምስኪን! እንግዲያስ እሱም እንደኛው ነዋ። አንተ ላቀው፣ ድምፁን ወደ ኋላ መልሰውና ክፈተው። የተራበ እንግዳ እየመጣ ከፊቱ አይጨለጥም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዝግታ ጠጣች፤ በየኩባያው ሥር አንዲት ጉንጭ ለዘፋኙ አስቀርታ «ድንገት ቢገባ» ትላለች። ልማዱ ወደ ሌሎችም ተዛመተ። ሂያም የተራረፈውን አይታ መጀመሪያ በጣም ተቆጣች፤ ምክንያቱን ስትሰማ ግን ፊቷን ወደ ዳሱ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ታምም!» አለች፤ ደህና ይሁን፣ እንደዚያው ይቀጥል ማለቷ ነው። የወለተ ማርያም ጉንጭም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አሁን ያ አዝማሪ ቢያየው ግጥሙን መድገሙ አይቀርም።

ክረምቱ ገባ፤ ዘንድሮ ዘነበ። ሰዉ ወደ አገሩ ሊመለስ ጓዙን መሸከፍ ጀምሯል። ወለተ ማርያም ግን እንቅፋት ሆነባት።

«መሬቴን አርሼ ልዝራ እንዳልል፣ እንግዳው መንገድ ላይ ነው» አለች። «ጠርቶ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። መቼ ነው የሚደርሰው?»

«የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚያገኙት» አላት ላቀው፤ መጽሐፉ እንደሚለው።

«ምን ቁርጥ አድርጎህ! የዘር ጊዜ ያልፋል። ላክበትና ይፍጠን።»

ላቀው ዶካ ወርዶ ለከማሉ ነገረው። ከማሉ ሲስቅ ሻይ ትን አለው። ከዚያ ካሴቱን አገላብጦ አየና «መጨረሻው ላይ ባዶ ክር አለ» አለ። «ዘፋኙን እኛ እናስገባው።»

አሁን ላቀው የሚሞክረው ይህን ነው። በከማሉ መቅጃ ቴፕ ፊት ተቀምጦ በዚያ ባዶ ክር ላይ ሊገባ ይታገላል። የአጨዳ ድምፁ አይሆንም፤ ዳሱ ባንዴ ይጨልጣል። ስድብም አይሆንም፤ ወለተ ማርያም «ረሃብ ያየ ዘፋኝ የሰው ጉንጭ አይቆጥርም» ብላ አስጠንቅቃዋለች። የመጀመሪያውን ቃል የመረጠችለትም እሷ ናት። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲገባ የሚለው «እንዴት ዋላችሁ» ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ችግሩ እንደ መግቢያው ማርዘሙ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ትንፋሽ አያልቅበትም፤ ላቀው ያልቅበታል። ድምፁ ይሳሳል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ይቆማል፤ ከማሉ ክሩን ይመልሰዋል፤ እንደገና ይጀምራል። አደም ሞተሩን አጥፍቶ፣ የቀዘቀዘ ሻዩን በደረቱና በአፉ መካከል ይዞ በረንዳው ላይ ይጠብቃል።

«ገባ?» ይላል በየመሀሉ።

«ዝም በል፣ ሊገባ ነው» ይለዋል ከማሉ።

ላቀው እስካሁን ከ«እን» አላለፈም።